ምሳ በባለሙያ

የሆም ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ኮሌጁን ሲያዳርስ ሰንብቶ፣ የክፍሉ ኃላፊ ጆሮ የደረሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ሰው ስላዘነላት ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ባልደረቦቿ በአጠገቧ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣማ ጨርሶ ጠፍቷል። እሷ ይህን አልወደደችውም። አልወደድኩትም ብላም አልተናገረችም።

የነገራት ዲኑ ራሱ ነው። ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሳበላት፤ ከዚያ ሄዶ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ። ዲኑ በር በገዛ እጁ ከዘጋ ነገር አለ ማለት ነው።

«እህቴ፣» ሲል ጀመረ። ከሟቹ ጋር አብሮ የተማረ ስለሆነ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው። «ሐሙስ ገምጋሚ ኮሚቴ ይመጣል። የቱ ክፍል ይቀጥል፣ የቱ ይታጠፍ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ያንቺ ክፍል ደግሞ… እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ ቋፍ ላይ ነው።»

«ተማሪ አላጣንም፤» አለች። «የምናስመርቃቸውንም ሆስፒታሉ ይወስዳቸዋል፣ የሕፃናት ማሳደጊያው ይወስዳቸዋል፣ ልብስ ፋብሪካው ይወስዳቸዋል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንድ ተመራቂ የለንም።»

«እሱን ማን ያይልሻል! ሰው ስሙን ሲሰማ የሚለውን ታውቂያለሽ። ‹ድስት ዲፓርትመንት› ነው የሚሉት።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ግን አይዞሽ፤ መላ አግኝቻለሁ። ምሳቸውን እናንተ ትሠራላችሁ።»

«እናንተ ማለት?»

«አንቺና ተማሪዎችሽ ናችኋ! ዶሮውን ገዝቼ አስገብቻለሁ። ጥሩ ምሳ በልቶ፣ ጣቱን ልሶ ሲያበቃ ክፍል የሚዘጋ ኮሚቴ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ሒሳብ ክፍልስ ለኮሚቴው ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል፤ ሪፖርት ያቀርባል።»

«ግብርና ክፍልስ? ያርስላቸዋል?»

«አሁን ይሄ ቀልድ የሚያመጣ ነገር ነው?» ዲኑ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ልረዳሽ ነው የምለፋው። እምቢ ካልሽ ግን በኋላ ዞረሽ እንዳትወቅሺኝ። ደግሞስ ምን ይከብዳችኋል? ባለሙያዎች አይደላችሁ እንዴ!»

እሷ ከወንበሯ ተነሳች። «አስቤ እነግርዎታለሁ፤» ብላ ወጣች።

ይቺ ቃል ነበረች ያንገበገበቻት። መሐንዲስ ባለሙያ ነው ሲባል ፊርማው ሕንፃ ያቆማል ማለት ነው። ሐኪም ባለሙያ ነው ሲባል ሰው ሕይወቱን አምኖ ይሰጠዋል ማለት ነው። ሴት ባለሙያ ናት ከተባለች ግን እጇ ይጣፍጣል ማለት ነው፤ በቃ፣ ሌላ ፍቺ የለውም። ክፍሉን ከተረከበች ጀምሮ ይህን ቃል ከማጀት አውጥታ ወደ ቤተ ሙከራ ልትጎትተው ያልታገለችው ትግል የለም። ቃሉ ግን እንደ እልኸኛ በቅሎ፣ ልጓሙን የለቀቀች ዕለት ዞሮ ማጀት ይገባል።

በማግስቱ ዲኑ መልሷን ሳይጠብቅ የሐሙሱን መርሐ ግብር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፎት አገኘችው። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ጉብኝት፣ ከዚያ በደማቁ፦ «ምሳ፣ በባለሙያዎች የተዘጋጀ።» ሰሌዳው ፊት ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ ሳቅ አፏ ድረስ መጣና ተመለሰ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቿ የጨርቅ ክር በእሳት እያቃጠሉ፣ አመዱን በጣታቸው እያሹ ጥጥ ይሁን ሐር ወይስ የፋብሪካ ክር ይለያሉ። ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ፀጉር ይሸታል። በአንድ ግድግዳ የስፌት መኪናዎቹ ተደርድረዋል፤ በሌላው የሕፃን ክብደት መለኪያውና የምግብ ሚዛኖቹ። ተማሪዎቿ እሷ በሌለችበት «ወይዘሮ ሚዛን» እንደሚሏት ታውቃለች። በኮሌጁ ከወጡት ስሞች መካከል የከፋው ይህ ስላልሆነ ትታዋለች።

ስለ ምሳው ነገረቻቸው።

ቀድማ የተነሳችው «ጠበቃ» የሚሏት ልጅ ናት፤ በነጥብ ጉዳይ ተከራክራ ተሸንፋ አታውቅም። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ አራት ወንድሞቼን ሳበላ አድጌ ነው እዚህ የመጣሁት። ለዚህ ለዚህማ እዚያው ቤታችን አልቀመጥም ነበር? ትራንስፖርቱ ይተርፈኝ ነበር!»

«አንቺስ ምንም አይደል፤» አለ ከኋላ በክፍሉ ውስጥ ያለው ብቸኛ ወንድ። ይህን ትምህርት የመረጠ ዕለት የዶርም ጓደኞቹ «ሙሽሪት» ብለው ሰይመውታል፤ ቢቆጣ ጊዜ ስሙ ጠበቀ፣ ቢስቅ ጊዜም ጠበቀ። «እኔ ሽርጥ አሥሬ፣ ሳህን ተሸክሜ በዚያ አዳራሽ ካለፍኩ፣ አለቀ፤ ማታውኑ ባል ይፈልጉልኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ምግብ ማብሰል ነውር ነው ያለ ማነው?» አለች። «ዋናው ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ አለች። ሥራዋ ነው፤ እንጀራዋ ነው፤ ከእኔም ከናንተም አብልጣ ትችልበታለች። እሷን ከቦታዋ ገፍተን፣ ለታይታ ሽርጥ የምናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።»

«ታዲያ እምቢ እንበላ!» አለች ጠበቃ።

«እምቢ ብንል እምቢተኞች ተብለን እንዘጋለን። ሰሌዳውን አላያችሁም? የተጠራው ባለሙያ ነው። ባለሙያ ደግሞ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ምን ያደርጋል? ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተምሬያችኋለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሙሽሪት፣ መልሱን እየፈራው፣ «ይመረምራል?» አለ።

«ሐሙስ ጠዋት ነጭ ጋዋናችሁን ለብሳችሁ ኑ። ቴርሞሜትሮቹን እናንተ ያዙ።»

ለዲኑም ላከችበት፦ «እሺ፣ ለምሳው ባለሙያዎቹ ይገኛሉ።» ዲኑ ደስ ብሎት ውሎ አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ዋናው ወጥ ቤት ሲገቡ እትዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ውይ በሞትኩት! ሐኪም ቤቱ ነው እንዴ የመጣብኝ? ልታባርሩኝ ነው?»

«ማን አባቱ ያባርርሻል፣ እትዬ! ቤቱን ልናይልሽ ነው የመጣነው።»

«እዩልኝ፣ ልጆቼ፣ እዩልኝ። የሚያይልኝ አጥቼ ነው እንጂ። ያ ቧንቧ ስንት ጊዜ ነው የተናገርኩት? ሰው የሚሰማው ምግቡ ሲዘገይ ብቻ ነው።»

ተማሪዎቹ ተከፋፈሉ። ጠበቃ የውሃውንና የመክተፊያውን ነገር ያዘች። ሙሽሪት ወደ ዲፕ ፍሪዙ ሄደ፤ ከፍቶ አጎነበሰና ሳይነሳ ቀረ።

«መምህር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ።»

የያዘው የላስቲክ ከረጢት ነበር። ትናንት ጠዋት እትዬ ለእንግዶቹ ጭማቂ ብላ በረዶውን ከቅርፁ እያወጣች፣ ፍሬ ፍሬውን ነበር በከረጢቱ የሞላችው። አሁን ፍሬ የሚባል ነገር የለበትም። የከረጢቱን ቅርፅ ይዞ ላይ ላዩ አንድ ወጥ በረዶ ሆኗል፤ መሃሉ ገና ውሃ ነው።

«ምን ነገረህ?» አለችው።

«ቀልጦ ነበር። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ነው እንደገና መርጋት የጀመረው።»

«ዶሮዎቹን አውጣቸው።»

ዶሮዎቹ ከላይ ሲነኳቸው የጠነከሩ ይመስላሉ። መምህርቷ የቴርሞሜትሩን መርፌ የአንዱ ዶሮ ጭን ላይ ስትሰድደው ግን ጥቂት እንኳ ሳይታገላት ሰተት ብሎ ገባ፤ ያነበበችውን ለሙሽሪት አሳየችው፣ እሱም ከንፈሩን መጠጠ። በየላስቲኩ ሥር ቀላ ያለ ውሃ ተጠራቅሞ ገና መርጋት ጀምሯል። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ ገና አልሸተተም። አደገኛው ደግሞ ይኸው ያልሸተተው ነው።

የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ አስጠሩት። የቁልፍ ዘለላውን እያንሿሿ መጣ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አለችው።

«ኧረ በጭራሽ! መብራት? ትናንት? ብልጭም አላለ።»

«ታዲያ፣ ወንድሜ፣» አለች ጠበቃ፣ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ከታ፣ «አዳራሹ ውስጥ ‹አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?› እያለ ጆሯችንን ሲበጥስ የዋለው ድምፅ ማጉያ በምን ሠራ? የአዳራሹ ሶኬት ከተቃጠለ ከርሟል። ያ በመስኮቱ የገባው ገመድስ?»

ንብረት ክፍሉ ገመዱን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ማጅራቱን አከከ። «እሱማ… ለትንሽ ጊዜ ነቅዬ…»

«መልሰህ የሰካኸው መቼ ነው?»

«ስረሳውስ? እኔም ሰው ነኝ እኮ! ዛሬ… ዛሬ ስገባ።»

«ጉድ ፈላ!» አለች እትዬ፤ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

 ተማሪዎቹ ዓይናቸውን መምህራቸው ላይ ጣሉ። እሷ የሚያስቡትን ታውቃለች፤ ራሷም እያሰበችው ነበርና። ዶሮው ቢቀቀል፣ በደንብ ቢቀቀል፣ ምናልባት ማንም ምንም አይሆን ይሆናል። እንግዶቹ በልተው፣ አመስግነው፣ ክፍሉን አጽድቀው ይሄዳሉ። ዶሮው ከተጣለ ግን ምሳ የለም፤ ምሳ ከሌለ ዲኑ የለም፤ ዲኑ ከሌለ ክፍሉ የለም። በሌላ በኩል ያለው አንድ «ምናልባት» ብቻ ነው። ሰው በምናልባት እንዴት እንደሚታጣ ደግሞ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም ነበር።

ይህን በልቧ ይዛ ሳለ ዲኑ ገባ፤ ከረባቱን አጥብቆ፣ ሽቶ ተቀብቶ።

«ባለሙያዎቼ! የታል፣ ሽታው እንኳ ገና አልመጣም? እንግዶቹ እኮ በር ላይ ናቸው!»

«ዶሮው አይበላም፤» አለችው። ነገሩን ባጭሩ ነገረችው፤ በረዶውንም አሳየችው።

ዲኑ በረዶውን አገላብጦ አየና ለንብረት ክፍሉ አቀበለው፤ ምን እንዳሳዩት የገባው አይመስልም። «እና? ይቀቀላ! እሳት የማይገድለው ምን አለ?»

«እሳቱ ተሕዋስያኑን ይገድላል። እነሱ ትተውት የሚሄዱትን መርዝ ግን ሁሉንም አያጠፋውም።»

«እህቴ፣ ስሚኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐዘን ላይ ነሽ፤ ሁሉ ነገር ሞት ሞት ቢመስልሽ አይፈረድብሽም…»

«እኔን ይተዉኝና ቴርሞሜትሩን ይዩ። እሱ ሐዘን ላይ አይደለም።»

ከተማሪዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ዲኑ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እንግዲያውስ አንቺ ውጪ! እትዬ ትሠራዋለች። እትዬ፣ ድስቱን ጣጂ!»

እትዬ አንዴ ዲኑን፣ አንዴ ዶሮውን አየች። ከበርጩማዋ ንቅንቅ አላለችም። «እኔ ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች መርዝ ነው እያሉኝ… የእንግዳ ነፍስ አላጠፋም።»

«በል አንተ፣ አንሳው!» አለ ዲኑ ወደ ንብረት ክፍሉ ዞሮ።

ይህን ጊዜ ነው መምህርቷ ከመደርደሪያው ሥር የበረኪናውን ጠርሙስ ያነሳችው። ክዳኑን አዙራ ከፈተችና፣ ሳትቸኩል፣ ተክል የምታጠጣ ይመስል፣ ዶሮዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አፈሰሰችው። ሽታው አፍንጫ ሲሰነፍጥ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። 

«የተበላሸ ምግብ ተጥሎም ተመልሶ ገበታ ላይ እንዳይወጣ እንዲህ ይደረጋል፤» አለች፣ ለተማሪዎቿ ነው። «መጽሐፋችሁ ውስጥ፣ የማስወገድ ምዕራፍ ላይ አለ።» ከዚያ ወደ ዲኑ ዞረች። «ባለሙያ ጠርተው ነበር።»

ኮሚቴው ምሳውን በላ፤ እትዬ ያዘጋጀችውን የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ዳቦና ብርቱካን። ምሳው ለምን እንዲህ እንደሆነ ዲኑ «የቴክኒክ ችግር» ብሎ አለፈው። ከሰዓት ጉባኤው ሲጀመር ግን መምህርቷ ተጠርታ ስትገባ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ሰብሳቢው ወፈር ያሉ፣ ነገር በቀልድ የሚጀምሩ ሽማግሌ ናቸው። «እርስዎ ነዎት ከዶሮ ያጣሉኝ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንቁላሉም ክፉ አልነበረም።» ሳቁ። «አይ፣ በእውነት ባለሙያ ነዎት። ባለቤትዎ የታደሉ ሰው መሆን አለባቸው!»

ዲኑ ጫማውን ማየት ጀመረ። አዳራሹ ለምን እንደቀዘቀዘ ያልገባቸው ሰብሳቢው ግራ ቀኙን ቃኙ።

«ቤታችን ውስጥ ምግብ የሚሠራው እሱ ነበር፤» አለች።  «አሁን በሕይወት የለም። ስለ ክፍሉ እንነጋገር።»

ከኮሚቴው አንዷ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች መሐንዲስ፣ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንነጋገር። እኔ አልዋሽም፤ አባቴ ይሄን ትምህርት ተማሪ ብሎኝ ነው ሸሽቼ መሐንዲስ የሆንኩት። ሴት ልጅን አስተምሮ መልሶ ወጥ ቤት መክተት ነው የሚመስለኝ። ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳቱም፤ ብዙ ቦታ እንዲያ ነው። እዚህም ዛሬ እንዲያ ሊደረግ ነበር።» መምህርቷ ዲኑን አላየችውም። «ሰው በሕይወቱ ከሁሉ በላይ የሚቆየው ቤቱ ውስጥ ነው። የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ ልጁን የሚያጥብበት ውሃ፣ ሽማግሌ የሚወድቅበት ደረጃ። እርስዎ ድልድይ ሲሠሩ ይሰላል። ይሄ ሁሉ ግን ሴት ሆኖ ለተወለደ በደም የሚተላለፍ ነው ተብሎ ተትቷል። እኛ እናሰላዋለን። ሌላ ነገር አይደለም።»

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዲኑ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አላቸው።

«ጥሩ፣» አሉ ሰብሳቢው። «እኔ እንኳ መዝጋት አልወድም። እንዲህ ብናደርገውስ? ክፍሉ ይቀጥል፤ በምላሹ ደግሞ ለኮሌጁ አገልግሎት ይስጥ። እንግዳ ሲመጣ መስተንግዶውን ይያዝ። ሁሉም ደስ ይለዋል።»

ዲኑ ራሱን እየነቀነቀ አያት። እሺ በይ፣ እሺ በይና እንገላገል፣ የሚል ዓይን ነበር። በበሩ ስንጥቅ የጠበቃና የሙሽሪት ነጭ ጋዋን ይታያል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቿ ትዝ አሏት፤ ክፍሉ ቢዘጋ ወዴት እንደሚበተኑ። እሺ ለማለት ግማሽ ትንፋሽ ይበቃት ነበር።

«አይሆንም፤» አለች።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«መስተንግዶው። ለአስተናጋጅ ክፍል አይከፈትም፤ አስተናጋጅ ይቀጠራል። ክፍሉ በዚህ ዋጋ የሚቀጥል ከሆነ ስሙ ይቀጥል ይሆናል እንጂ እሱ አይቀጥልም።»

«ተዘግቶ ቢቀርስ?»

«ተዘግቶ ይቅር። ዘጋነው ብላችሁ በፊርማችሁ ዝጉት። በሽርጥ ግን አትዝጉት።»

ዲኑ በረጅሙ ተነፈሰ። ሰብሳቢው ቀልድ ፈልገው አጡ። ቀጥላ የተናገረችው መሐንዲሷ ናት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለዲኑ ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬ ያንን ዶሮ ማን ያስቆመው ነበር?»

«እንግዲህ… ንብረት ክፍሉም…»

«የነቀለው እሱ ነው አሉ።»

«ወጥ ቤቷም…»

«አዝዘዋት አልነበረም እንዴ?»

ዲኑ ሌላ ሰው ሊጠራ አፉን ከፈተ። የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ሆዳቸውን፣ ሳያስቡት ይመስላል፣ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ።

ውሳኔው ተጻፈ። ክፍሉ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል፤ የኮሌጁን ምግብ ቤቶች ሁሉ ይቆጣጠራል፤ ያልተገባ ነገር ካገኘ የመዝጋት ሥልጣን አለው። የሚቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች ግን በግማሽ ይቀነሳሉ።

«በግማሹ አልስማማም፤» አለች። «አለመስማማቴ ይጻፍ።»

«ወይ ጣጣ!» አሉ ሰብሳቢው። «አሁንስ አልበቃዎትም?»

«አልበቃኝም።»

ተጻፈላት።

ቁጥጥሩን በማግስቱ የጀመሩት ከመምህራን ሻይ ክበብ ነው። ረፋድ ላይ ነበር፤ ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። ሙሽሪት ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ከጀርባ በኩል አንድ ሰማያዊ የምግብ ዕቃ አወጣ፤ ክዳኑን ገርበብ አደረገና ፊቱን ወደ ትከሻው አዞረ።

«የማን ነው ይሄ?» ሲል ጮክ ብሎ ጠየቀ።

 የሻይ ክበቡ አሳላፊ በአገጩ ወደ መስኮቱ ጠቆመ። እዚያ ዲኑ ስኒውን ከንፈሩ ጋ አድርሶ ቀርቷል።

ሙሽሪት የበረኪናውን ጠርሙስ በሌላ እጁ እንደያዘ መምህርቷን አየ። «መምህር፣ ምን ላድርገው?»

«ለሁሉም እንደምታደርገው፤» አለችና ወደሚቀጥለው መደርደሪያ አለፈች።